ተላላፊ በሽታን ስለ መከላከልና ስለ ሕዝብ ተባባሪነት

ተላላፊ በሽታ ከእሳት ጋር ይመሳሰላል። እሳት ከአንድ ሰው ቤት ተነሥቶ የጎረቤቱን ክዳን በያዘ ጊዜ፣ ጎረቤቱ «ቤቱ የኔ አይደለምና ምን አገባኝ» ብሎ ሊቀመጥ አይችልም። እንዲሁም በሽታ ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው በሚሸጋገርበት ጊዜ ሀብታሙና ድኻው፣ ሹሙና ተራው ሰው፣ የተማረውና ያልተማረው በአንድነት የሚያስቡበት ነገር ይሆናል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው የተረቱት ስለዚህ ነው። ሐኪም የታመመውን ያክማል፤ ያልታመመውን ከመታመም የሚጠብቀው ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሕዝቡ ራሱ ነው። ስለዚህ ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው፣ ሕዝብ ይህን ሥራ በፈቃዱ እንዲሠራ የሚያተጋው ምን እንደ ሆነ፣ ከዚህም ሥራ የሚያስቀረው ምን እንደ ሆነ ነው።

ለነገሩ ምሳሌ እንዲሆነን ወደ ወላይታ እንመልከት። ከዳሞታ ተራራ ሥር በተመሠረተችው በሶዶ ከተማ፣ ኦቶና በተባለው ስፍራ ያለውን ሆስፒታል የማያውቅ የአገሩ ሰው የለም። በ1920 ዓ.ም የወንጌል መልእክተኞች ወደ ሶዶ ከመጡ ወዲህ በዚያ አገር የተተከለው የሕክምና ሥራ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሮ፣ ዛሬ ሆስፒታሉ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የአገሩ ሰው ግን እስከ ዛሬ ድረስ ኦቶና ብሎ ይጠራዋል።

በማለዳ ከዚህ ሆስፒታል ደጃፍ የቆመ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ሕመምተኛ ብቻውን አይመጣም። ወንድሙ ደግፎት፣ እናቱ ስንቁን ቋጥራ፣ ጎረቤቶቹ ለመድኃኒት የሚሆን ገንዘብ አዋጥተው ተከትለውት ይመጣሉ። በር ጠባቂው «ይህ ሁሉ ሰው አይገባም» ባለ ጊዜ ክርክር ይነሣል፤ የመጡበት ሰው ዘመዳቸው ነውና መመለሱ እንደ ነውር ይቈጠርባቸዋል። የገባውም ዘመድ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ የታመመውን ሲደግፍ፣ ሲያጎርስና ሲያጽናና ያመሻል። ይህ ሁሉ ፍቅር ነው፤ የሚነቀፍም አይደለም። ነገር ግን የታመመው ሰው ሕመሙ የሳንባ ነቀርሳ እንደ ሆነ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ትንፋሽ ሲተነፍሱ የዋሉት ሁሉ ፍቅራቸውን ይዘው ሲመለሱ በሽታውንም ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ።

የነገሩ ሁሉ ሥር ከዚህ ላይ ይገኛል። በሽታ ከሰው ወደ ሰው ከሚሻገርባቸው መንገዶች ብዙዎቹ ሕዝቡ አክብሮ የያዛቸው መልካም ልማዶች ናቸው። ሰላምታ፣ ለቅሶ፣ ድግስና ሕመምተኛን መጠየቅ ሰው ሰው የሚሆንባቸው ነገሮች ናቸው። ስለዚህ «ተው» የሚል ትእዛዝ ብቻውን በመጣ ጊዜ፣ ሕዝቡ የሚሰማው «ከወገንህ ተለይ» የተባለ ያህል ነው። ይህን ያልተረዳ ሹም ሕዝቡን እንቢተኛ ይለዋል፤ ሕዝቡም ሹሙን ጨካኝ ይለዋል፤ በመካከሉ በሽታው መንገዱን ይቀጥላል።

ይህንም በዘመናችን ደጋግመን አይተነዋል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ከታወቀ በኋላ እጅ መጨባበጥ እንዲቀር በታዘዘ ጊዜ፣ «ሳሮ» ብሎ ሰላምን ሳይለዋወጥ ማለፍን የማያውቀው የወላይታ ሰው እጁን ወደ ኋላው መሰብሰብ ከብዶት ነበር። ከሰላምታውም ይልቅ የከበደው ለቅሶው ነው። ሞቶበት ያላለቀሰለትን ሰው ወዳጅ አይለውም፤ ነገ የእርሱ ቤት በሚያዝንበት ጊዜ ማን ይመጣል? በዚያን ጊዜ ብዙ እድሮች የድንኳኑን ነገር አቆይተው፣ ለሐዘንተኛው የሚገባውን ገንዘብ ሰጥተው፣ ለቅሶ ደራሹ በጥቂት በጥቂቱ ተራርቆ እንዲደርስ አደረጉ። ሹም ብቻውን ቢከለክል ኖሮ ሰው በስውር ይሰበሰብ ነበር። እድሩ ራሱ በወሰነ ጊዜ ግን የቀረው ሰው ከነውር ነጻ ሆነ፤ የእድሩን ሥርዓት ፈጸመ እንጂ ወዳጁን አልከዳምና።

ከዚህም የባሰ ፈተና በ2018 ዓ.ም መጣ። በኅዳር ወር በጂንካ ከተማ የማርበርግ በሽታ መነሣቱ በታወቀ ጊዜ፣ ወላይታ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ እንደ መሆኗ መጠን ነገሩ ለእርሷ የሩቅ ወሬ አልነበረም። ይህ በሽታ የሚተላለፈው ከታማሚው ደምና ከሰውነቱ ከሚወጣው ፈሳሽ ነው፤ ሰውየው ከሞተ በኋላም ሬሳው በሽታውን ያስተላልፋል። እንግዲህ የመጨረሻውን ፍቅር የምንገልጽበት ሥራ፣ ይኸውም ሬሳ ማጠብና መገነዝ፣ ከሁሉ የሚያሰጋው ሥራ ሆነ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በጥር ወር በሽታው መጥፋቱ ተነገረ። ለወደፊቱ ግን ልናስብበት የሚገባ ጥያቄ ትቶልን አልፏል። እንዲህ ያለው ቀን ተመልሶ ቢመጣ፣ ለሐዘንተኛ ቤተሰብ «ልጃችሁን አትንኩ» ብሎ የሚነግረው ማን ነው? ፊቱን የሸፈነ የማይታወቅ ሰው ነውን? ወይስ ልጁን ክርስትና ያነሣው ካህን፣ ቤተሰቡን በሐዘኑም በደስታውም የሚያውቀው ሽማግሌ ነው? መልሱ የታወቀ ነው። ነገር ግን ካህኑና ሽማግሌው አስቀድመው ካልተማሩ፣ በዚያች በጭንቅ ሰዓት ሊያስተምሩ አይችሉም።

ሁለተኛው ነገር የኑሮ ነገር ነው። በ2010 ዓ.ም መጨረሻ በወላይታ ዞን በኦፋ ወረዳ የቢጫ ወባ በሽታ ተነሥቶ ሰዎች ሞቱ። ይህ በሽታ ለደቡብና ለምዕራብ አገራችን አዲስ አልነበረም፤ ከ1953 እስከ 1955 ዓ.ም በኦሞ ሸለቆና በአካባቢው በተነሣ ጊዜ፣ በባለሙያዎች ግምት 30,000 ያህል ሰው ፈጅቷል። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ከምትራባባቸው ስፍራዎች አንዱ በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ብብት ውስጥ የሚጠራቀመው የዝናም ውሃ ነው። እንግዲህ አስተውሉ። እንሰት ለወላይታ ገበሬ የቤቱ ምሰሶ ነው፤ በድርቅ ዓመት ልጆቹን የሚያተርፍለት፣ ከደጁ ተተክሎ ክብሩን የሚያሳይለት ነው። ነገሩን በግማሽ ያወቀ ሰው «እንሰትህን ከቤትህ አርቅ» ብሎ ቢያዝዘው፣ ገበሬው ዛሬ ከማያያት ትንኝ ይልቅ ነገ የሚያያትን ረኃብ ይፈራል፤ ፍርሃቱም ከማስተዋል የመጣ ነው። ለዚህ የሚገባው መፍትሔ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ዕድሜ ልክ የሚጠብቀው ክትባት ነበረ፤ በ2011 ዓ.ም መጀመሪያም ተሰጠ። ከዚህ የምንማረው፣ ሕዝብ እንዲተባበር የሚጠየቀው ነገር ኑሮውን የማያፈርስ መሆን እንደሚገባው ነው።

ሦስተኛው የሴቶች ድካም ነው። «እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ የሕፃናትን ፊት እጠቡ፤ የመጠጥ ውሃ አፍሉ» የሚለው ምክር ለመናገር ቀላል ነው። ነገር ግን ውሃውን ከምንጭ በጀርባዋ ተሸክማ የምታመጣ፣ እንጨቱን የምትለቅም፣ ሳሙናውን ከገበያ የምትገዛው ማን ናት? ይህ ምክር ሁሉ በአንዲት እናት ጫንቃ ላይ የሚወድቅ ነው። እርሷም ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የምታዝዝበት አይደለችም፤ ልጇን ወደ ጤና ኬላ ለመውሰድ እንኳ የባሏን ወይም የአማቷን ፈቃድ የምትጠብቅ አለች። ስለዚህ ሴቲቱን ብቻ አስተምሮ ባልን ሳያስተምሩ መቅረት ግማሽ ሥራ ነው። በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶችን አሠልጥኖ ወደ የቤቱ መላኩ ብዙ ጥቅም የሰጠው፣ የምትናገረውም የምትሰማውም የውሃን ሸክም የሚያውቁ ስለ ሆኑ ነው። ነገር ግን እነዚህ ሠራተኞች በጽሕፈትና በስብሰባ ብዛት ተይዘው ወደ ቤቶቹ መሄድ ያቃታቸው እንደ ሆነ፣ ጥቅማቸው በመዝገብ ላይ ብቻ ይቀራል።

አራተኛው ኀፍረት ነው። በወላይታ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመኖር የሚመጣ የእግር ዝሆኔ የተባለ ሕመም አለ። ይህ ሕመም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በጫማና እግርን በመታጠብ ይጠበቁታል። ሆኖም ብዙ ሰዎች ይተላለፋል ብለው ስለ ፈሩ፣ የታመሙት ከጋብቻ ሲከለከሉና ከማኅበር ሲገለሉ ኖረዋል። በአንጻሩ ደግሞ በእውነት የሚተላለፈውን የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው፣ ስሙን ፈርቶ «ብርድ ነው» እያለ በገበያና በጉባኤ ሲያስል ይውላል። እንግዲህ ፍርሃት ካለ ዕውቀት ሲሠራ ንጹሑን ያስወጣል፤ አደገኛውን ያስቀምጣል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ነገር ግን ሰው በሽታውን የሚደብቀው ማን አስገድዶት እንደ ሆነ መጠየቅም ይገባል። የገለጸው ሰው የሚዋረድ ከሆነ፣ የደበቀው ብቻውን በደለኛ አይደለም።

አምስተኛው መታመን ነው። በሹማምንት ቃልና በሕዝቡ ጆሮ መካከል ሁልጊዜ ወሬ አለ። ክትባት ሴቶችን መካን ያደርጋል የሚል ወሬ በብዙ ስፍራ ተነዝቶ እናቶችን ሲያስፈራ ታይቷል። ወሬ የሚበረታው እውነት በዘገየበት ስፍራ ነው። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የኮሌራ በሽታ በስሙ እንዳይጠራ ተፈርቶ «አተት» እየተባለ ሲነገር መኖሩ ይታወሳል። ይህን ያደረጉ ሰዎች ሕዝቡ እንዳይደነግጥ፣ ንግዱም እንዳይጎዳ አስበው ይሆናል። ነገር ግን ሕዝብ የታመመውን ሰው በዓይኑ እያየ ስሙ ሲሸፈንበት፣ የተሸፈነው ነገር ከእውነቱ ይልቅ የከፋ ይመስለዋል፤ በማግስቱም እውነት ቢነግሩት አያምንም። በሽታን በስሙ ጠርቶ፣ የታመመውን በቍጥር ገልጦ፣ የሚደረገውን በግልጥ መናገር የመንግሥትን ክብር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ስድስተኛው የእንጀራ ፍለጋ ጉዞ ነው። ወላይታ ሰው የበዛበት፣ መሬት የጠበበበት አገር ነው። ስለዚህ ጐልማሶቹ ለቀን ሥራ ወደ ቆላ እርሻና ወደ ከተማ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱም ወባን በደማቸው ይዘው የሚመለሱ አሉ። ከአባያ ሐይቅ አጠገብ ባለው በሁምቦ ቆላ የሚኖረው ገበሬ ደግሞ ወባን በቤቱ ያውቃታል። በመላው ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 2016 እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም መጀመሪያ ድረስ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ መታመማቸው ሲነገር፣ ከአንድ ሺህ በላይ ሞተዋል። አጎበር መስጠት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከጫካ ዳር በሜዳ የሚያድር የቀን ሠራተኛ አጎበሩን ከምን ላይ ይሰቅለዋል? ይህን ሰው ለመጠበቅ፣ ከሚኖርበት ቀበሌ ይልቅ የሚያሠራው የእርሻ ባለቤት ሊጠየቅ ይገባል።

እስከዚህ ድረስ እንቅፋቱን ዘረዘርን፤ አሁን ደግሞ ተስፋ የሚሰጠውን እንናገር። በወላይታ ከ2011 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ የሆድ ትላትልንና ቢልሃርዝያን ለማጥፋት የተያዘ ሥራ አለ። ቀድሞ መድኃኒቱ ይሰጥ የነበረው በተለይ ለተማሪዎች ነበረ። ነገር ግን ልጁ በትምህርት ቤት ድኖ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ያልዳኑት ወላጆቹና የቤቱ ዙሪያ አፈር መልሰው ያሲዙታል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ሽማግሌውም ሕፃኑም ሁሉ በአንድነት መድኃኒት እንዲወስድ፣ ከመድኃኒቱም ጋር የመጸዳጃ ቤትና የንጹሕ ውሃ ነገር እንዲያያዝ ታሰበ። የሥራው ስም «ጌሽያሮ» ይባላል፤ በወላይትኛ ንጽሕና ማለት ነው። ካህናትና ሰባኪዎች ሆይ፣ ይህን ቃል ልብ በሉት። በወላይትኛ «ጌሻ» የሚለው ቃል ንጹሕ ማለት ሲሆን፣ ቅዱስ ለሚለውም የሚነገር ነው። በአንድ ቃል ውስጥ የእጅ ንጽሕናና የነፍስ ቅድስና አብረው አድረዋል። ይህን ቃል ይዞ ወደ ሕዝብ የሚወጣ መምህር ባዕድ ትምህርት አመጣ አይባልም፤ ሕዝቡ በቋንቋው ያኖረውን መልሶ ያሳየዋል እንጂ።

በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የሶርያዊውን የንዕማንን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለምጻሙ የጦር አለቃ ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ በመጣ ጊዜ፣ ነቢዩ መልእክተኛ ልኮ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ አዘዘው። ንዕማን ተቈጣ፤ የደማስቆ ወንዞች ይሻላሉ ብሎም ሊመለስ ነበር። ምክሩ እውነተኛ ነበረ፤ ነገር ግን ከደጅ በመልእክተኛ የተላከ ትእዛዝ በመሆኑ ክብሩን ነካው። በመጨረሻ ያሳመኑት አብረውት የሚኖሩት የራሱ አገልጋዮች ናቸው። በለዘብታ ቀርበው ስለ ተናገሩት ወርዶ ታጠበ፤ ነጻም። የመድኃኒቱ ኃይልና የሚያሳምነው ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ አይገኝም። ሐኪሙ የነቢዩን መልእክት ሊያመጣ ይችላል፤ ከሰረገላው አጠገብ ቆሞ «አባቴ ሆይ» የሚለው ግን የቅርብ ሰው ነው።

ሕዝብም አንድ ጊዜ በልቡ የተቀበለውን ነገር ያለ አዛዥ እንደሚጠብቀው የራሳችን ታሪክ ምስክር ነው። በ1911 ዓ.ም በኅዳር ወር የገባው የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በየዓመቱ በኅዳር 12 ቀን የየደጁን ጉድፍ ሰብስቦ ማቃጠል ልማድ ሆነ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ፣ መንግሥታት ተለዋውጠው፣ «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ እስከ ዛሬ ይደረጋል። ጭሱ ብቻውን በሽታ አይከለክል ይሆናል፤ ዛሬም ላስቲክ የሚያቃጥል ሰው ለሳንባ ጉዳት ነውና ቢተወው ይሻላል። ነገር ግን ሐዘኑን ወደ ሥራ፣ ሥራውንም ወደ በዓል የለወጠ ሕዝብ ስለ ንጽሕና ግድ የለውም ሊባል አይቻልም።

እንግዲህ ለእናንተ ለሹማምንት የምንለው ይህ ነው። ትእዛዝ ከመውጣቱ በፊት፣ ትእዛዙ በአንዲት ድኻ እናት ቤት ምን ያህል ውሃ፣ ምን ያህል ገንዘብና ምን ያህል ጊዜ እንደሚጠይቅ ቍጠሩ። እጅ መታጠብን ከማዘዝ አስቀድሞ ውሃውን ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ወደ ገበያውና ወደ ጤና ኬላው አድርሱ። የእድር ዳኞችን በሽታ በመጣ ቀን ብቻ አትጥሯቸው፤ በደኅናው ቀን አማክሯቸው። ለሕዝቡ የከለከላችሁትን በግብዣችሁና በስብሰባችሁ አትፈጽሙት፤ ሕዝብ ከጆሮው ይልቅ ዓይኑን ያምናልና።

ለእናንተም ለካህናትና ለሰባኪዎች የምንለው አለ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ስድስት ወር ያህል ሳይቋረጥ የሚወሰድ ነው። በጠበል ወይም በጸሎት ተፈወስሁ ብሎ በመካከሉ የተወ ሰው በሽታው ተመልሶበት፣ በሽታውም መድኃኒቱን ለምዶ፣ ለራሱም ለቤተ ሰቡም የማይበገር ጠላት ይሆንበታል። ጠበልና መድኃኒት፣ ጸሎትና ሐኪም የማይጣሉ መሆናቸውን ከዐውደ ምሕረትና ከመድረክ ላይ ደጋግማችሁ ተናገሩ። ይህን ቃል ከሐኪም አፍ ሲሰማው የሚጠራጠረው ሕመምተኛ፣ ከእናንተ አፍ ሲሰማው ክኒኑን እስከ መጨረሻው ይውጣል።

ኦቶና ሕንጻው ቢሰፋ፣ አልጋውም ቢበዛ፣ ሐኪሞቹም ቢጨመሩ ለአገሩ ደስታ ነው። ነገር ግን በዳሞታ ዙሪያ ያለው ምንጭ ሳይጠበቅ፣ የለቅሶው ቤት ሳይመከርበት፣ የታመመው ከኀፍረት ሳይወጣ ከቀረ፣ የሆስፒታሉ በር ምንጊዜም ይጨናነቃል። ወደዚያ በር በሽታ ይዞት የሚመጣውን ሰው አሥር ሆነው ደግፈው የሚያመጡት ወገኖቹ፣ ያው ፍቅራቸው በሽታው ከመምጣቱ በፊት እንዲሠራ መንገዱን ብናሳያቸው፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ወደዚያ በር የሚመጡበት ምክንያት ባልኖረም ነበር። መንገዱን የማሳየት ዕዳ የተጣለው በተማረውና በተሾመው፣ በሕዝቡም ፊት ለመናገር ሥልጣን በተሰጠው ሰው ላይ ነው።